የጉዛራ ግንብና የሃሎዊን ጭምብል

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የባሕር ዳር ከተማ ነዋሪ ስሆን፣ ለረጅም ዓመታት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ቀድሞ ተማሪዬ የነበረና ዛሬ በአስጎብኚነት ሥራ የሚተዳደር አንድ ወጣት፣ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ጣና ዳር ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ ያማከረኝ ጉዳይ ነው። ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ እንፍራዝ አጠገብ ባለው የጉዛራ ግንብ ውስጥ በየዓመቱ በጥቅምት ወር የሃሎዊን ሌሊት ለማዘጋጀት ከጓደኞቹ ጋር አስበዋል፤ ጭምብሉ፣ ጭሱ፣ ቀይ መብራቱ፣ በጨለማ ጥግ ተሸሽገው ጎብኚውን የሚያስደነግጡት ልጆች ሳይቀሩ በወረቀት ላይ ተነድፈዋል። «ጋሼ፣ እርስዎ እንግሊዝ አገር ሄደው አይተውት የለ? እስቲ ይንገሩኝ» አለኝ። ተመሳሳይ ሐሳብ ያላቸው ሌሎች ወጣቶችም እንዳሉ ስለሰማሁ፣ ለእሱ የነገርሁትን በጽሑፍ ላሰፍረው ወደድሁ።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት በርሚንግሃም የምትኖረውን ልጄን ልጠይቅ ሄጄ ሳለ፣ በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ወደሚደረስበት ወደ ዎሪክ ግንብ ወሰደችኝ። ግንቡ በአቮን ወንዝ ዳር የቆመ ሲሆን፣ ኖርማንዲያዊው ዊልያም እንግሊዝን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ ማለትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1068 (ሌሎቹንም የነገሥታትና የግንብ ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር እጽፋለሁ)፣ በአፈር ጉብታ ላይ በእንጨት ተሠርቶ በኋላ በድንጋይ የተተካ ነው። ለዘመናት የመኳንንት መኖሪያ ሆኖ ከቆየ በኋላ በ1978 የማዳም ቱሶ የሰም ምስሎች ባለቤት ለነበረው ኩባንያ ተሸጠ፤ ከዚያ ወዲህ ኑሮው በጎብኚ ትኬት ነው። ሃሎዊንም ከትኬቱ ወቅቶች አንዱ ነው። በዓሉ የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት የቅዱሳንን ሁሉ መታሰቢያ ከሚያከብሩበት ቀን ዋዜማ ላይ የሚውል፣ ሥሩ ግን ከዚያ በፊት ኬልቶች የሚባሉት የጥንት የአውሮፓ ሕዝቦች የመከሩን ማብቂያና የብርዱን ወራት መግቢያ ከሚያከብሩበት ሥርዓት ጋር የሚያያዝ ነው። በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ቀን፣ ማለትም በወሩ የማርያም ዕለት ይውላል፤ ይህንንም ለተማሪዬ ሳስታውሰው ፊቱ ላይ ትንሽ መደናገጥ አየሁበት።

ስንገባ ገና ቀን ነበር። ሕፃናት ፊታቸውን እንደ ድመት ተቀብተው በሣሩ ላይ ይሯሯጣሉ፤ ውስጣቸው የተፈለፈሉ ዱባዎችም በየመንገዱ ዳር ተደርድረዋል። (ያ ሁሉ ዱባ ከወጥ ይልቅ ለጌጥ መዋሉ፣ በጾም ወራት የዱባ ወጥ ያሳደገኝን ሰው እንዳሳዘነኝ አልደብቅም።) ሲመሽ ተራ ይዘን ወደ ምድር ቤት ወረድን። በየክፍሉ አንዱ ዳኛ፣ ሌላው የወረርሽኝ ዘመን ሐኪም፣ ሌላው ገራፊ ሆነው የሚጫወቱ ተዋንያን አሉ፤ መብራቱ ይጠፋል፣ አንድ ነገር ከኋላ ይነካሃል፣ ሰዎች ይጮኻሉ፣ ወዲያው ደግሞ ይሣቃሉ። በሥራቸው የተካኑ ናቸው፤ እኔን ግን ብዙም አልያዘኝም።

ልቤን የያዘው በግንቡ ቅጥር ውስጥ ያለ የአንድ ማማ ታሪክ ነው። ባለቅኔና የቤተ መንግሥት ባለሥልጣን የነበረው ፉልክ ግረቪል፣ ቀዳማዊ ንጉሥ ጀምስ በ1604 ይህን ያረጀና የተጎዳ ግንብ ሲሰጠው ከ20,000 ፓውንድ በላይ አፍስሶ አደሰው። በ1628 ለንደን ሳለ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው አሽከሩ፣ ጌታው በኑዛዜው የሚገባኝን አልተወልኝም ብሎ ቂም ስለያዘ በጩቤ ወጋው፤ አሽከሩ እዚያው ራሱን አጠፋ፣ ጌታውም በቁስሉ ሲማቅቅ ሰንብቶ ሞተ። አስከሬኑ ዎሪክ ከተማ በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን አርፏል። ነፍሱ ትመላለስበታለች የሚባለው ማማ እስከ ዛሬ «የመንፈስ ማማ» ይባላል። ይህ ሁሉ ሲነገረኝ ጭስም ጩኸትም አልነበረም፤ እኔ ግን የቂምን አስፈሪነት ከምድር ቤቱ ይልቅ እዚያ ቆሜ ተረዳሁት። ከመናፍስቱ ወሬ በስተቀር ሁሉም በመዝገብ የተጻፈ ታሪክ ነው፤ አድማጩም ታሪኩ የት አብቅቶ ወሬው የት እንደሚጀምር ለይቶ ይወጣል።

አሁን ደግሞ ለማንሣት የከበደኝን ልናገር። በምድር ቤቱ መጨረሻ አካባቢ መብራት ጠፍቶ እንደ ተኩስ ያለ ኃይለኛ ድምፅ ተሰማ። ዙሪያዬ ያሉት ሁሉ ጮኸው ሣቁ፤ እኔ ሳላስበው መሬት ላይ ተደፍቼ፣ ልጄን በእጄ ወደ ታች እየሳብሁ ራሴን አገኘሁት። ልጄ አልሣቀችም። ያሳለፍናቸውን ዓመታት ለሚያውቅ የዚህ አካባቢ አንባቢ ምክንያቱን ማብራራት አያስፈልገኝም። እዚያ ያሉት ሰዎች ለመደንገጥ ገንዘብ የሚከፍሉት ከበሩ ውጭ ሰላም እንደሚጠብቃቸው ስለሚያውቁ ነው፤ የእንፍራዝ ገበሬ ግን ሌሊት ከኮረብታው ላይ ጩኸት ቢሰማ ጨዋታ ነው ብሎ ተመልሶ የሚተኛ አይመስለኝም። ተማሪዬን በብርቱ የተቃወምሁት በዚህ ነው፤ እሱም ይህን አላሰበበትም ነበር።

አስፈሪ ነገር ከባሕር ማዶ ማስመጣት ያስፈልገናል ብዬም አላምንም። ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው በግድግዳው ላይ የተሣለውን በላኤ ሰብእን ያውቀዋል፤ 78 ነፍስ የበላው ያ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድኃ የሰጠው ጥርኝ ውኃ በሚዛን ሲመዘንለት ይታያል። በልጅነቴ እናቴ ሥዕሉን ባሳየችኝ ቀን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ነገር ግን የተኛሁት ምሕረቱንም ሰምቼ ነው። ዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ደግሞ የአፄ ይኩኖ አምላክ፣ የአፄ ዳዊት፣ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የአፄ ዘድንግልና የአፄ ፋሲል አስከሬን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያርፋል። እዚያ የገባ ወንድ ሁሉ (ሴቶች ወደ ደሴቱ እንዳይገቡ ሥርዓቱ ይከለክላል) ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያማትባል እንጂ አይጮኽም። ነገሥታቱን በአካል በሚያይ ሕዝብ መካከል የፕላስቲክ አፅም መስቀል ምን ይሉታል?

ስለ ጉዛራ ራሱ ከተነሣ፣ ከ1563 እስከ 1597 በነገሡት በአፄ ሠርፀ ድንግል እንደተሠራ የሚነገርለት፣ ከኮረብታው ጣናን ቁልቁል የሚያይ፣ ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት የነበረ ግንብ ነው። በጎርጎራ በኩል ደግሞ አፄ ሱስንዮስ ያሠሩት ፍርስራሽ አለ፤ ንጉሡ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው፣ አገር ከአገር ተፋጅቶ፣ በ1632 የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ በወህኒ አምባ ሲታሰሩ መኖራቸውንና እስር ቤትን «ወህኒ» የምንለው ከዚያ የተነሣ እንደሆነ መነገሩን የሚያውቅ ሰው፣ ከዎሪክ ምድር ቤት የሚዋሰው ነገር አይኖረውም። አንድ ጥሩ ተራኪ በፋኖስ ብርሃን፣ በጉዛራ ግድግዳ ሥር፣ ወንድሙ ሲነግሥ ዕድሜውን ሙሉ በአምባ ስለቀረ ልዑል ቢያወራ ጎብኚው ጋቢውን ሳብ ማድረጉ አይቀርም።

ስለዚህ ወጣቶቹን የምለምነው ይህን ነው። በግንቡ ላይ ምስማር አይምቱ፣ ጭስ አያጭሱ፤ በድንጋይና በኖራ የቆመ የተጎዳ ግድግዳ ነውና። በእኛው አቆጣጠር በ1992 የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስን መነካካት ስለማይፈቅድ፣ ወደ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ የሚሄደው ደብዳቤ ከትኬቱ ኅትመት ይቅደም። ፕሮግራሙ ከመምሸቱ በፊት ጀምሮ በጊዜ የሚያልቅ፣ የመንደሩ ሽማግሌዎችም አስቀድመው የሚያውቁት ይሁን። ከገቢው የተወሰነው ለግንቡ ጥገና ይዋል። ቀኑን ከጥቅምት 21 አውጥተው ለመንገድም ለብርድም ወደሚመች ሌላ ሳምንት ቢያዛውሩት ደግሞ ከእናቶቻቸው ጋር አይጣሉም።

ተማሪዬ ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «ታዲያ የመጀመሪያውን ሌሊት ማን ይተርክልናል?» አለኝ። ጉልበቴ ያንን ዳገት የሚወጣልኝ ከሆነ እኔ እተርካለሁ ብዬዋለሁ፤ በቅሎ እንደሚያዘጋጅልኝም ቃል ገብቷል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር፣ ከባሕር ዳር