ሥጋውን ማስቀረት ብቻ አይበቃም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እሑድ እትማችሁ፣ በጉዞ ዓምድ ሥር፣ ወደ ጃፓን ለሚሄዱ ኢትዮጵያውያን ምክር የሚሰጠውን ጽሑፍ በደስታ አነበብሁ። ጸሐፊው ስለ ባቡሮቹ ሰዓት አክባሪነትና ደጃፍ ላይ ጫማ ስለ ማውለቅ ያሰፈሩት ሁሉ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ፓስታ መሳይ ኑድል በመረቅ የሚቀርብበትን፣ ራመን የተባለውን ምግብ ስለሚሸጡ ቤቶች ሲናገሩ፣ ጾመኛ የሆነ ወይም የአሳማ ሥጋ የማይበላ ተጓዥ ሥጋው እንዲቀርለት ከጠየቀ ያለ ሥጋት መብላት እንደሚችል መጻፋቸው ስሕተት ነው። እኔም ከዓመታት በፊት በዚሁ ስሕተት ወድቄያለሁና፣ ሌላው አንባቢ እንዳይደግመው ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገደድሁ።

ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት በደቡብ ጃፓን ወደምትገኘው ፉኩዎካ ከተማ የሄድሁት በበልጋቸው ሳይሆን በመጸው ነበር፤ ከተማዋን ገና ሳልለምዳት ጾመ ነቢያት ገባ። አንድ ምሽት የክፍሌ ልጆች ከቤተ መጻሕፍት መልስ፣ ደጁ ላይ ቀይ ፋኖስና አጭር መጋረጃ ወደ ተሰቀለበት ጠባብ ቤት ይዘውኝ ገቡ። ከበሩ አጠገብ የቆመው ማሽን ገንዘብ ተቀብሎ ትንሽ ትኬት ይሰጣል፤ ትኬቱን ባንኮኒው ላይ ሲያኖሩት አብሳዩ ከወዲያ በኩል አንሥቶ ሥራውን ይጀምራል። ወንበሮቹ ከአሥር አይበልጡም፤ ውኃውን እንግዳው ራሱ ይቀዳል፤ ቁጭ ብሎ ወግ የሚጠርቅ የለም፤ ጉርሻ መስጠትም ልማድ አይደለም። እኔም በጓደኛዬ አስተርጓሚነት «ሥጋ አልበላም» አልሁ፤ አብሳዩም ጎንበስ ብሎ እሺታውን ከገለጸ በኋላ፣ ስስ ሆነው የተቆረጡትን ሥጋዎች ትቶ በምትካቸው ሽንኩርት አብዝቶ አቀረበልኝ። መረቁ እንደ ወተት ነጭ ስለ ነበር ወተት ገብቶበት ይሆን ብዬ መስጋቴን አስታውሳለሁ፤ ወተት የለበትም ሲሉኝ ልቤ አርፎ እንደ ጎረቤቶቼ በድምፅ እየማግሁ በላሁ። ይባስ ብዬ ካኤዳማ የሚሉትን፣ ማለትም በተረፈው መረቅ ላይ የሚጨመረውን ሁለተኛ ዙር ኑድል አዘዝሁ። የበላሁት ምን እንደ ሆነ የገባኝ የምግቡን ስም ትርጉም በጠየቅሁ ዕለት ነው፤ ቶንኮትሱ ይባላል፣ ቶን አሳማ፣ ኮትሱ ደግሞ አጥንት ማለት ነው። የንስሐ አባቴ ነገሩን በስልክ ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ፤ የቀረው በእኔና በእሳቸው መካከል ነው።

የጽሑፋችሁ ስሕተት የመነጨው፣ ራመንን ሥጋ ጣል የተደረገበት የፓስታ ሾርባ አድርጎ ከማሰብ ይመስለኛል። ራመን ቤት የሚመዘነው በመረቁ ነው። በፉኩዎካና በአካባቢዋ የአሳማ አጥንት፣ አንዳንዴም እግርና ጭንቅላት፣ በኃይለኛ እሳት ለብዙ ሰዓት ይንተከተካል፤ መቅኔውና ስቡ ከውኃው ጋር እስኪዋሐድ ድረስ ስለሚፈላ ነው ያ ያሳሳተኝ ነጭ መልክ የሚመጣው። ይህ ዐይነቱ ራመን በ1937 እ.ኤ.አ. እዚያው አቅራቢያ ባለችው በኩሩሜ ከተማ ከአንድ የጎዳና ጋሪ እንደ ተጀመረ ይነገራል። እንግዲህ ሥጋውን ብቻ አስቀርቶ ይህን መብላት፣ ዶሮ ወጥ ቀርቦልን ብልቱንና እንቁላሉን አውጥተን በወጡ እንጀራ እያጠቀስን ጾመናል እንደ ማለት ነው።

ምናልባት አንባቢ፣ ቶንኮትሱን ትቶ በአኩሪ አተር ሶስ፣ ሚሶ በሚሉት ከተብላላ አኩሪ አተር በሚሠራ ማጣፈጫ ወይም በጨው የሚዘጋጀውን ቢመርጥስ ይል ይሆናል። እነዚህ ስሞች የሚነግሩን ከሳህኑ ሥር የሚደረገውን ማጣፈጫ ነው፤ በላዩ የሚፈስሰው መረቅ ከምን እንደ ተቀቀለ አይገልጹም። ማጣፈጫው ራሱ ንጹሕ ላይሆን ይችላል፤ ቻሹ የሚባለው የአሳማ ሥጋ በአኩሪ አተር ሶስ ውስጥ ይቀቀልና፣ ሥጋው የተቀቀለበት ያው ሶስ በብዙ ቤት የራመኑ ማጣፈጫ ሆኖ ያገለግላል። በሰሜን በሳፖሮ በሚሠራው የሚሶ ራመን ላይ ደግሞ የቀለጠ የአሳማ ስብ ይደረግበታል፤ ስቡ ከላይ ተንሳፍፎ መረቁ በዚያ ብርድ ቶሎ እንዳይቀዘቅዝ ይከልለዋል። የዶሮ መረቅ የሚሉትም አልፎ አልፎ ከአሳማ አጥንት ጋር የተቀላቀለ ነው። ሙስሊም ወገኖቻችን ከዚህ በተጨማሪ ሳኬና ሚሪን የሚባሉት፣ አልኮል ያለባቸው የሩዝ መጠጦች ማጣፈጫው ውስጥ እንደሚገቡ ቢያውቁ መልካም ነው። በደረቀ ዓሣ የሚሠራም መረቅ አለ፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ግን ለሊቃውንቱ እተዋለሁ።

አብሳዩ ዋሽቶኝ ነበር ማለት አልችልም፤ የጠየቅሁትን በትክክል ፈጽሟል። በጃፓንኛ ኒኩ፣ ማለትም ሥጋ፣ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታሰበው በዐይን የሚታይና የሚታኘክ ቁራጭ ሥጋ ነው፤ ከአጥንት የወጣ መረቅ በዚህ ቃል ውስጥ አይቆጠርም። በምዕራቡ ክፍል፣ በኦሳካና በዙሪያዋ፣ ኒኩ ብቻውን ሲነገር የበሬ ሥጋ ማለት ስለ ሆነ፣ በቶኪዮ ኒኩማን የሚባለውን በእንፋሎት የበሰለ ዳቦ እዚያ የአሳማ መሆኑን ለመለየት ቡታማን ይሉታል። ስለዚህ ኦሳካ ላይ «ኒኩ አልበላም» ያለ እንግዳ የአሳማ ነገር ቢቀርብለት የሚወቅሰው ሰው አያገኝም። ሕጉም ብዙ አይረዳም፤ በታሸገ ምግብ ላይ እንቁላል፣ ወተት፣ ስንዴ፣ ሽሪምፕና ሌሎች ጥቂት አለርጂ የሚያስነሡ ነገሮች በግዴታ እንዲጻፉ ሲደነገግ፣ የአሳማ ሥጋ ቢጻፍ ይመረጣል ከሚባሉት ወገን ነው፤ ያውም ደንቡ ለታሸገው እንጂ ባንኮኒ ላይ ለሚቀርበው ሳህን አይደለም።

የሚገርመው፣ ይህ ሁሉ የሆነው ሥጋን ከማዕድ በማራቅ ረጅም ታሪክ ባለው አገር ነው። ንጉሠ ነገሥት ቴንሙ በ675 እ.ኤ.አ. የበሬ፣ የፈረስ፣ የውሻ፣ የዝንጀሮና የዶሮ ሥጋ እንዳይበላ ዐውጀው ነበር፤ ሥጋ በይፋ ወደ ማዕድ የተመለሰው ንጉሠ ነገሥት ሜጂ በ1872 እ.ኤ.አ. መብላታቸው ከተነገረ ወዲህ ነው። ራመንም ከቻይና የመጣ ነው፤ በ1910 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ አሳኩሳ ሰፈር የተከፈተውና ምግቡን ለብዙው ሕዝብ በማስለመድ ስሙ የሚነሣው ራይራይኬን የተባለ ምግብ ቤት ከዮኮሃማ ባመጣቸው ቻይናውያን አብሳዮች ይሠራ ነበር። የቡድሃ መነኮሳት ግን እስከ ዛሬ ሾጂን የሚባለውን የገዳም ምግብ ይመገባሉ፤ መረቁ ኮምቡ ከሚሉት የባሕር ተክልና ከደረቀ እንጉዳይ የሚወጣ ሲሆን፣ በጾም ወራት ከዚህ የተሻለ ነገር በዚያ አገር አላገኘሁም።

ራመን አማረኝ ለሚልም መንገድ አለ። በቶኪዮ ዋና ባቡር ጣቢያ ውስጥ፣ ትኬት ከሚፈተሽበት በር ወዲያ፣ ቲስ ታንታን የሚባል ቤት ይገኛል፤ ሥጋም፣ ዓሣም፣ እንቁላልም፣ ወተትም የለበትም፤ መረቁ በሰሊጥ ስለሚወፍር በሰሊጥ ፍትፍት ላደገ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። በትልልቆቹ ከተሞች ሐላል የዶሮ ራመን የሚሠሩ ቤቶችም አሉ። ቶኪዮ የሚያርፍ ሰው ደግሞ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የካትሱሺካ ወረዳ አለለትና፣ የቱ ቤት የጾም የቱ ቤት የፍስክ እንደ ሆነ ከማንም በላይ የሚነግሩት እነሱ ናቸው።

እንግዲህ ማረሚያው በዚያው ዓምድ እንዲወጣ እየጠየቅሁ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አብረው እንዲታተሙ አሳስባለሁ። «ቡታ ዋ ታቤማሴን» ማለት አሳማ አልበላም ማለት ነው። «ሱፑ ኒ ቡታ ጋ ሃይቴ ኢማስ ካ» ማለት ደግሞ መረቁ ውስጥ አሳማ አለ ወይ ማለት ነው፤ ከሁለቱ የሚያድነው ይህ ሁለተኛው ነው። የሚጠየቀውም መጋረጃውን ገልጦ እንደ ገቡ፣ ገንዘቡ ማሽኑ ውስጥ ሳይገባ ነው፤ ትኬቱ ከተቆረጠ በኋላ ከኋላ የተሰለፈው ሰው ብዛት ለማስመለስ ፋታ አይሰጥም።

ከአክብሮት ጋር፣
ከአንባቢዎቻችሁ አንዱ
አዲስ አበባ