ሳይሎ ውስጥ አሳንሰር የለም

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ «ሳይሎ» ሦስተኛ ሲዝን ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ፣ ቀጥሎ ተናድጄ። ደስ ያለኝ፣ ስለ ሳይንስ ፊክሽን ተከታታይ ፊልም በአማርኛ ግማሽ ገጽ ተጽፎ በየቀኑ ስለማላይ ነው። የተናደድኩት አራተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ነው።

ዘጋቢያችሁ እዚያ ላይ፣ የሳይሎ (ፊልሙ ላይ ሰው ሁሉ የሚኖርበት፣ ከምድር በታች የተሠራው መኖሪያ) ነዋሪዎች 144ቱን ፎቅ በአሳንሰር እንደሚመላለሱ ጽፏል።

በምን?

ሳይሎ ውስጥ አሳንሰር የለም ክቡር አዘጋጅ። የተበላሸም የለም። ያለው፣ መሃል ለመሃል እየተጠማዘዘ ወደ ምድር ሆድ የሚወርድ አንድ ትልቅ ደረጃ ነው። 10 ሺህ ሰው በእግሩ ይወጣል፣ በእግሩ ይወርዳል። ዕቃውንም የሚያመላልሱት ተሸካሚዎች ናቸው፣ በጀርባቸው። ይህን ለማወቅ ሁለቱን ሲዝን መጨረስ አያስፈልግም። ፊልሙን ከፍቶ ትንሽ መቀመጥ ይበቃል።

ባለቤቴ «ለአንዲት ቃል ነው እንዲህ የምትሆነው?» አለችኝ። ልክ ነች፣ አንዲት ቃል ናት። ግን እሷ ይህን ያለችኝ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ነው። እኔ የሰማኋት ሁለት ጀሪካን ውሃ ይዤ በር ላይ ቆሜ ነው።

የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ብሎካችን ጂ ፕላስ 4 ነው። እንደ ሳይሎ ሁሉ አሳንሰር የለውም። ከታች ከሮቶው አጠገብ እስከ ቤቴ በር 72 ደረጃ አለ። ቆጥሬዋለሁ። የ72 እጥፍ 144 ነው። ይህ ምንም ትርጉም እንደሌለው አውቃለሁ፣ ግን ጀሪካን ተሸክሞ የሚወጣ ሰው የማይቆጥረው ነገር የለም። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፣ ሁለት ሲሆን 40። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስደርስ አርፋለሁ። እዚያ ያሉት እናት በራቸውን ሳይከፍቱ «አይዞህ ልጄ» ይሉኛል። ትንፋሼን ለይተው ያውቁታል።

እስቲ ረጋ ብለን እናስበው። አሳንሰር ካለ ታሪኩ ምን ይቀረዋል?

ከንቲባ ጃንስን አስታውሷት። በዚያ ዕድሜዋ፣ የታሪኩን ዋና ሰው፣ ታች የምትሠራውን መካኒክ ጁልየትን ሸሪፍ (የሳይሎው ሕግ አስከባሪ) ሁኚልኝ ብላ ለመጠየቅ ከላይ እስከ ታች በእግሯ ትወርዳለች። ምክትል ሸሪፉ ማርንስ አብሯት አለ። ሁለቱ አዛውንቶች ስንት ዘመን በሆዳቸው ይዘውት የኖሩትን ነገር የሚነጋገሩት በዚያ ጉዞ ላይ ነው። አሳንሰር ቢኖር ቁልፍ ተጭነው፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ፣ በሁለት ደቂቃ ታች ነበሩ። እኛም ስለ እነሱ አንድ ነገር ሳናውቅ እናልፋለን።

ደግሞ የታችኞቹን አስቡ። ለሳይሎው መብራት የሚሰጠውን ጀነሬተር የሚያንቀሳቅሱት እነሱ ናቸው። ላይ ያሉት የፈለጉትን ወሬ የሚያወሩላቸው በመሃል ያ ሁሉ ደረጃ ስላለ ነው። ከታች ተነስቶ አቤት ለማለት ቀን ይፈጃል። እስኪደርሱ ንዴቱ ይበርዳል፣ ጉልበቱም ያልቃል። በሁለተኛው ሲዝን አመጽ ሲነሳ የአመጸኞቹ የመጀመሪያ ጠላት ያ ደረጃ ነው። አሳንሰር ቢኖራቸው ኖሮ አመጹ ከምሳ በፊት ባለቀ።

(እኛ ጋ በነገራችን ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጌታው ታች ያለው ነው። ውሃ ስትመጣ መጀመሪያ እሱ ጋ ትደርሳለች። እኛ ጋ ስትደርስ ቧንቧው ያስላል፣ ሁለት ጊዜ ይተፋል፣ በቃ።)

ይህ ሁሉ ለዘጋቢያችሁ እንዴት አልታየውም? የጋዜጣችሁ ቢሮ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንዳለ አላውቅም። አሳንሰር እንዳለው ግን እገምታለሁ። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ በራሱ የሚነሳ ዓይነት ሕንፃ ይሆናል። እዚያ የሚውል ሰው 144 ፎቅ ሲባል አሳንሰሩን ከራሱ ጨምሮ ቢሰማ አልፈርድበትም።

የምፈርድበት በሌላው ነው። ዘገባው አድናቂዎቹን ፍለጋ ከቦሌ እስከ ካዛንቺስ ዞረ። ማኪያቶ የያዙ ወጣቶችን አነጋገረ። መልካም። ከዚያ ለእኛ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጣል አደረገልን። በከተማዋ ዳርቻ ኢንተርኔቱ ስለማይመች እንዲህ ያለ ፊልም ተመልካች የለውም፣ ብሎ።

ማን ነገረው? ባቡሩ እንኳ አቅሙ በፈቀደ አያት ድረስ ይመጣል። ዘጋቢያችሁ ግን አያትም አልደረሰ።

ቢደርስ ይህን ያይ ነበር። ብሎካችን ሥር ጀበና ቡና የምታፈላ እህት አለች። ቴሌቪዥኗን የገዛችው ለኳስ ነው። ሁለተኛው ሲዝን ሲታይ ግን ቅዳሜ ማታ፣ የመጨረሻው ጨዋታ እንዳለቀ፣ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ፍላሹ ይሰካል። አዲስ ክፍል የሚወጣው ዓርብ ዓርብ ነው። እኛ ጋ ቅዳሜ ይገባል። የሚመጣው መሃል ከተማ በሚሠራ የሰፈራችን ልጅ ኪስ ነው፣ የመገናኛን የታክሲ ሰልፍ ተሰልፎ። እንዴት እንደሚያወርደው አልጠይቀውም፣ እናንተም አትጠይቁኝ። በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ሰው እኛ ብሎክ ውስጥ አላውቅም።

ስንት እንሆናለን? ሲበዛ ሃያ፣ ሲያንስ ስምንት። እንግሊዝኛውን አንድ መምህር ጎረቤታችን እየተረጎመልን ነው የምናየው። አተረጓጎሙ የራሱ ነው። ታች ያለውን «መካኒካል» የሚባለውን ክፍል ገና በመጀመሪያው ቀን «ጋራዥ» አለው፣ ጋራዥ ሆኖ ቀረ። ጁልየት እኛ ጋ የጋራዥ ልጅ ናት። ጁልየትን ሆና የምትተውነው ሬቤካ ፈርጉሰን ይህን ብትሰማ ደስ የሚላት ይመስለኛል።

ስለ መጀመሪያው ሲዝን ሦስተኛ ክፍል ሳላወራ አላልፍም። ጀነሬተሩ የሚጠገንበት ክፍል ነው። ለጥገናው ጀነሬተሩን ያጠፉታል፣ ሳይሎው ይጨልማል፣ እንፋሎቱ እየተጠራቀመ ነው፣ ጁልየት ውስጥ ገብታ በውሃ ታቀዘቅዛለች። ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘናል። ልክ እዚያ ላይ መብራት ጠፋ። የእኛ መብራት፣ የእውነቱ። ለጥቂት ሰከንድ ፊልሙ መስሎን ዝም ብለን ተቀመጥን። ከጨለማው ውስጥ አንድ ልጅ «ጁልየት፣ ወደዚህም ብቅ በይ!» ብሎ ጮኸ። መብራቱ የመጣው በማግስቱ ነው። ጥገናው እንደተሳካ ያወቅነው ከአንድ ቀን በኋላ ነው። ካዛንቺስ ያሉት አድናቂዎቻችሁ ይህን ክፍል እኛ ያየነውን ያህል አይተውታል ወይ? እጠራጠራለሁ።

የቴፑ ነገርም አለ። ከጁልየት በፊት ከሳይሎው ወጥተው መከላከያ ልብስ ለብሰው ወደ መርዛማው ውጭ የተላኩት ሁሉ ፊት ለፊት ያለውን ኮረብታ ሳያልፉ ይወድቃሉ። ምክንያቱ የልብሳቸው መገጣጠሚያ የሚታሸግበት ቴፕ ሆን ተብሎ የማይረባ መሆኑ ነው። ለእሷ ግን የታች ወዳጆቿ ደህናውን አስገቡላት፣ ኮረብታውን አለፈች። መምህሩ ገና እየተረጎመ ሳለ አንድ ኤሌክትሪሺያን ጎረቤታችን ብድግ ብሎ «ናስትሮው ነው! ናስትሮውን ነው የቀየሩላት!» አለ። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ናስትሮ እንዳለ፣ አንደኛው በሁለት ወር እንደሚላቀቅ እሱ ያውቃል። ለእኔም ቶሎ ገባኝ። ቤቴን የተረከብኩ ዕለት የመታጠቢያ ቤቱ በር እጀታ እጄ ላይ ነው የቀረው። ማን እንደገጠመው አልናገርም፣ ቴፑን ያቀረበው ሰው ዘመድ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ተመልካች የሌለው ሰፈር ይህ ነው።

ስለ ጉጉትም ከተነሳ፣ የእኛን ከማንም አናሳንስም። ፊልሙ የጀመረው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ነው፣ የአርበኞች ቀን። ሁለተኛው ሲዝን ኅዳር 6 ቀን 2017 ጀመረ፣ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ማለት ነው። የመጨረሻው ክፍል ጥር 9 ወጣ። በማግስቱ ከተራ ነው። ታቦት ሸኝተን ስንመለስ፣ ነጠላችንን ሳናወልቅ ቡና ቤቷ ገባን። ያኔ ሦስተኛውና አራተኛው ሲዝን እንደሚሠሩ፣ አራተኛው ማብቂያው እንደሆነ ቀድሞ ተነግሮን ስለነበር ተጽናናን እንጂ፣ የሳይሎውን አለቃ በርናርድንና ጁልየትን እሳት ውስጥ ጥለውብን ነው የሄዱት። እስከ ዛሬ ክርክር ነው። የብሎካችን ጥበቃ «ሬሳ ካላሳዩህ አልሞተም» ባይ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ በርናርድ አልቆለታል ይላል። አንድ ሙሉ ጀበና ተወራርደዋል፣ ገንዘቡ እህታችን ጋ ተቀምጧል።

ከዚያ ወዲያ ደግሞ የመጨረሻዋ ትዕይንት አለች። ሳይሎው ከመሠራቱ በፊት፣ ዋሽንግተን ውስጥ፣ አንዲት ጋዜጠኛ ከአንድ ወጣት የምክር ቤት አባል ጋር መጠጥ ቤት ተቀምጣ ትጠይቀዋለች። እኔ ከአዲሱ ሲዝን በጣም የምጠብቀው እሷን ነው። ጥያቄ ታውቃለች። ሰውየው ያልመለሰውን ከራሷ ጨምራ የምትጽፍ ዓይነትም አልመሰለችኝም።

ታሪኩ ራሱ ከየት መጣ? ጸሐፊው ሂው ሃዊ በፈረንጆች 2011 ያለ ማንም አሳታሚ፣ በራሱ በኢንተርኔት ያወጣው አጭር ጽሑፍ ነበር። ከዳር የመጣ ነው ማለቴ ነው። መምህሩ ነው የነገረን።

ደብዳቤ መጻፌንም አትናቁብኝ። በፈረንጆች 1968 «ስታር ትሬክ» የሚባለው የአሜሪካ የሳይንስ ፊክሽን ተከታታይ ፊልም ሊቋረጥ ነው ሲባል ተመልካቾቹ የቴሌቪዥን ጣቢያውን በደብዳቤ አጥለቅልቀው ነው ሦስተኛውን ሲዝን ያዩት። እኔ ሲዝን አልጠየቅኩም። የምጠይቀው እርማት ነው። ከዚህ በፊት ስለ ታክሲ ሰልፍ የጻፍኩላችሁን ደብዳቤ ግማሹን ቆርጣችሁ ነው ያወጣችሁት፣ የተቆረጠው ደግሞ ዋናው ግማሽ ነበር። ስለዚህ ቦታ እንዳያጥራችሁ እርማቱን እኔው አሳጥሬዋለሁ፦ «ሳይሎ ውስጥ አሳንሰር የለም።» አራት ቃል ነው።

ዘጋቢያችሁም አዲሱ ሲዝን ሲጀምር ቅዳሜ ማታ ይምጣና አብሮን ይይ። ቡናው በእኔ ነው። ወንበር ግን ቶሎ ስለሚያልቅ ከኳሱ በፊት ቢደርስ ይሻለዋል። ቤቴንም ማየት ከፈለገ ደስ ይለኛል፣ አራተኛ ፎቅ በስተግራ። ውሃ የሚመጣው ረቡዕ ነው፣ ረቡዕ እንዲመጣ አልመክረውም። ወይ ደግሞ ረቡዕ ይምጣ፣ አንዱን ጀሪካን ይይዝልኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቦሌ አራብሳ ነዋሪ