አባዬ፣ የሚጣን ደመወዝ አብረን እንቁጠረው

ጥቅምት 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? እማዬስ ደህና ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

እኅቴ ሚጣ አዲስ አበባ ሥራ ማግኘቷን ሲነግሩኝ ድምፅዎ ውስጥ የነበረው ደስታ እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። «ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ከሚከፍላት በ2,500 ብር ይበልጣል፤ ምን ያመነታታል?» አሉኝ። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልዎ። እርስዎ ሒሳብ አስተማሪ ነዎትና አብረን እንቁጠረው።

እዚያ ደብረ ማርቆስ የሚጠብቃት በመንግሥት ስኬል የዲግሪ መነሻው 11,500 ብር ነው። እዚህ ያለው የግል ድርጅት 14,000 ብር ይላል። ከ10,000 በላይ እስከ 14,000 ብር ባለው ላይ የሥራ ግብሩ 30 በመቶ ነው፤ ከዚያ በታች ባለው ላይ ያንሳል፤ ጡረታው ደግሞ 7 በመቶ። ስለዚህ 11,500ው ተቆራርጦ እጇ ላይ 8,595 ብር ይደርሳል፤ 14,000ው 10,170። የተባለው 2,500 ብር ገና ከመዝገብ ሳይወጣ 1,575 ሆነ ማለት ነው።

እኔ የመንግሥት ሠራተኛ በመሆኔ መታወቂያዬን አሳይቼ በፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ በነጻ እመላለሳለሁ። ሚጣ ይህን አታገኝም። ከእኔ ሰፈር ድርጅቱ ያለበት ቦታ ለመድረስ ሁለት ታክሲ መያዝ አለባት፤ ለመመለስም ሁለት። አንዱን 15 ብር ብናደርገው በቀን 60 ብር፣ በወር 26 የሥራ ቀን 1,560 ብር ይሆናል። ጭማሪው በሙሉ በታክሲ አለቀ፤ ገና ቤት አልገባችም፣ ገና አልበላችም።

እጅ የሚያሳጥረው ግን የቤት ኪራይ ነው፣ አባዬ። ከባልደረባዬ ጋር የምንኖርበት ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም 13,000 ብር ነው፤ ለሁለት ስንካፈለው 6,500። ያንንም ያገኘነው ከብዙ መንከራተት በኋላ ነው። አንዱ አከራይ የስድስት ወር ቅድሚያ አምጡ ብሎን ነበር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ አዋጅ ግን ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን ይደነግጋል። ይህን ስነግረው በሩን ዘጋብን። የአሁኗ አከራያችን ግን ወረዳ ድረስ አብራን ሄዳ ውሉን አስመዘገበችልን፤ እግዜር ይስጣት። ሚጣም እንደ እኔ 6,500 ብር ብትከፍል ከታክሲው በኋላ የሚቀራት 2,110 ብር ነው። እዚህ አንድ እንጀራ 25 ብር ነው። በቀን ሁለት ብትበላ ወሩ 1,500 ብር ይሆናል። ለወጥ፣ ለሳሙና፣ ለልብስና ለስልክ 610 ብር ቀረ። እዚያ ከእናንተ ጋር ብትኖር 8,595ው ሳይነካ እጇ ይገባል።

እዚያው ያለውን ወንድሜን ይመልከቱት። እርሱና እኔ የአንድ ስኬል፣ የአንድ ደረጃ ሠራተኞች ነን። እርሱ ክፍል ተከራይቶ 2,500 ብር ይከፍላል፤ ጤፉን በአዝመራ ጊዜ ከደጀን ገበሬ ይገዛል፤ በርበሬውን እማዬ ታዘጋጅለታለች። ለዚህ ነው በየወሩ ለእናንተ የሚተርፈው፤ ከእኔ የተሻለ ልጅ ስለሆነ ብቻ አይደለም። እርግጥ እዚያም የሚወደድ አለ። ዘይቱ፣ መድኃኒቱ፣ የፋብሪካው ዕቃ ሁሉ ዓባይን ተሻግሮ ስለሚመጣ የጭነት ዋጋ ይጨመርበታል። መንገድ ሲዘጋማ ጤፉ እናንተ ጋ ይረክሳል፣ እኛ ጋ ይወደዳል፤ ዘይቱ ደግሞ በተቃራኒው።

እርስዎ መተማ ሲያስተምሩ የበረሃ አበል ይታሰብልዎ ነበር። ትክክል ነበር፤ ያ ሙቀት ዋጋ ነበረው። ለእንደ እኔ ያለ ተራ የፌዴራል ሠራተኛ ግን ቦታው ኪራይ የሚያስከፍል ሆነ ተብሎ የሚታሰብ ነገር የለም፤ ስኬሉ አዲስ አበባም ደብረ ማርቆስም አንድ ነው። ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። በደርግ ዘመን ዲግሪ የያዘ ሰው በ500 ብር ቤተሰብ ያስተዳድር እንደነበር እርስዎ ነዎት ያስተማሩን። ብር በዘመን እንደሚለያይ ሁሉ በከተማም ይለያያል።

አትምጣ እያልኩ አይደለም። እኔ እዚህ የቆየሁት ማታ ማታ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስለምማር ነው፤ የእርሷ የሒሳብ አያያዝ ሙያም ሰፊ ሥራ ያለው እዚህ ነው። ለትምህርትና ለልምድ ብላ ከመጣች እደግፋታለሁ፤ ለ2,500 ብር ብላ ከሆነ ግን ልቤ አይፈቅድም።

ስለዚህ ከመፈረሟ በፊት ድርጅቱን ሰርቪስ አለው ወይ ብላ ትጠይቅ። ከሌለው ደመወዝ ጨምሩልኝ ከምትል የትራንስፖርት አበል ብትጠይቅ ይሻላታል፤ አበሉ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ ከግብር ነጻ ስለሆነ ሳይቀነስ ይደርሳታል። ምሳና ሕክምና ካለም በጽሑፍ ውሉ ውስጥ ይግባ።

ለመምጣት ከወሰነች አከራያችንን አነጋግሬ ለሦስት ለመኖር እሞክራለሁ። እምቢ ብትለን እንኳ ሌላ ቤት እስክታገኝ ፍራሽ ዘርግቼ አስቀምጣታለሁ፤ እኅቴ ናት። ደብዳቤውን ለእርሷም ያንብቡላት፤ ሐሙስ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስለማልማር ያኔ ትደውልልኝ።

እማዬን ሳሙልኝ።

ልጅዎ