የጂኦግራፊ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ የመሬት መንቀጥቀጥ ካርታ

ዘንድሮ የክበቡ ዋና ሥራ አንድ የግድግዳ ካርታ ነበር። በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን ዙሪያ መሬት ለወራት ሲንቀጠቀጥ፣ ተማሪዎች ደጋግመው የጠየቁት «ለምን እዚያ? ጎንደርስ?» የሚለውን ነው። መልሱን ነጥብ በነጥብ ራሳቸው እንዲያገኙት ተደረገ።

መረጃው የተወሰደው ከአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት ተቋም መዝገብ ነው፦ ከ1973 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ከ3 እስከ 18 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ምሥራቅ፣ መጠናቸው ከ4 ያላነሰ። ከዚያ በታች ያሉትን መጨመር ያሳስታል፤ መሣሪያ በሳሳበት አገር ትንንሾቹ የሚመዘገቡት ጣቢያ ሲቀርባቸው ብቻ ነው። መዝገቡ ኬክሮስን ያስቀድማል፣ ግራፉ ግን አግድም የሚፈልገው ኬንትሮስን ነው፤ ከተገላበጡ ጎንደር ሲሲሊ አጠገብ ባሕር ውስጥ ትወድቃለች። በጥልቀት ዓምድ ላይ «10 ኪ.ሜ.» የሚደጋገመውም ልኬት እንዳይመስል፤ ጥልቀቱ ሊሰላ ሳይችል ሲቀር የሚሞላ ቁጥር ነው።

ነጥቦቹ በቀይ ባሕር መሐልና በኤደን ባሕረ ሰላጤ መሐል ጠበብ ብለው ይሰለፋሉ፤ አፋር ላይ ይገናኙና በስምጥ ሸለቆው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዓረብ ፕሌቶች (የሚንቀሳቀሱ ግዙፍ የምድር ቅርፊት ክፍሎች) የሚለያዩት እዚሁ ነው። በየብስ ላይ ግን ድንበሩ መስመር ሳይሆን ሰፊ ቀበቶ ነው፦ በ1961 እ.ኤ.አ. የተመታችው ካራቆሬ ያለችው በደጋው ጠርዝ፣ በ1969 እ.ኤ.አ. የፈረሰችው ሰርዶ ደግሞ አፋር ውስጥ ነው። ዋናው ስምጥ ሸለቆ በዓመት የሚከፈተው 5 ሚሊሜትር ገደማ ቢሆንም ሁልጊዜ በዝግታ አይደለም። በ2005 እ.ኤ.አ. አፋር ውስጥ ዳባሁ ላይ ቅልጥ አለት ሰርጎ ሲገባ 60 ኪ.ሜ. ያህል ርዝመት ያለው መሬት እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል። እንዲህ ያለው ስርገት መካከለኛ መንቀጥቀጦችን በመንጋ ያስነሳል፤ የፈንታሌውም ከዚሁ ወገን ነው።

ብዙ ያከራከረው የሰሜን ተራሮች ጉዳይ ነው፦ የእሳተ ገሞራ አለት ሆነው ሳለ ነጥብ የላቸውም ማለት ይቻላል። አለቱ የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ዛሬ ተራሮቹም ጎንደርም ያሉት ከድንበሩ ርቀው፣ በኑቢያ ፕሌት ላይ ነው። ይህ ግን ለግንባታ መዘናጊያ አይሁን፤ የጣና ተፋሰስም ያረፈው በጥንታዊ ስንጥቆች ላይ ነው።

የሚቀጥለው ዓመት ሥራ የመንቀጥቀጥን መነሻ ነጥብ መፈለግ ነው። ከመንቀጥቀጡ ተነሥተው ጣቢያ በሚደርሱት በሁለቱ ሞገዶች፣ በፈጣኑና በዘገምተኛው፣ መድረሻ መካከል ያለው ሰከንድ በ8 ሲባዛ ርቀቱን በኪሎሜትር ይሰጣል፦ 40 ሰከንድ 320 ኪ.ሜ.፣ በ1፡2,000,000 ካርታ 16 ሳ.ሜ.። የተማሪ ኮምፓስ ያን ያህል ስለማይከፈት የማይለጠጥ ክር ይዘጋጅ። በዚህ ርቀት በሦስት ጣቢያዎች ዙሪያ የሚሳሉት ክቦች አንድ ነጥብ ላይ አይገጥሙም፣ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ይተዋሉ፤ 8 አማካይ ቁጥር ነው፣ የሁለተኛው ሞገድ መነሻም በመጀመሪያው ጭራ ይሸፈናል።