የልጆቻችንን እንቅልፍ በተመለከተ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ በልጆች ላይ የሚታዩ የእንቅልፍ ችግሮችን ይመለከታል

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ባለፈው ወሰነ ትምህርት ከመምህራን ጋር የተማሪዎችን ውጤት ስንገመግም፣ በታችኛው ክፍል ስለሚማር አንድ ልጅ «ሰነፍ ነው»፣ «አይሰማም»፣ «አርፎ አይቀመጥም» የሚል አስተያየት ተደጋግሞ ቀረበ። እኔም አንድ ቀን ጠዋት ከክፍሉ ኋላ ተቀምጬ ልጁን ተመለከትሁት። አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፤ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ ይጽፋል፤ ጽሑፉ መስመሩን ስቶ ወደ ታች ይወርድና እርሳሱ ደብተሩ ላይ ጭረት ትቶ ይቆማል። ከዚያ ብንን ይልና ይቁነጠነጣል፣ አጠገቡ ያለውን ልጅ ይነካካል። እናቱን ስናነጋግር ልጁ ሌሊቱን ሙሉ እንደሚያንኮራፋ፣ አልፎ አልፎም ትንፋሹ ቀጥ ብሎ ቆይቶ በሲቃ እንደሚመለስ ነገረችን። በሐኪም ሲታይ ቶንሲሉና ከአፍንጫው በስተኋላ ያለው አዴኖይድ የሚባለው እጢ አድገው የአየር መተላለፊያውን አጥብበውበት ተገኙ። ለወራት ስንገሥጸው የቆየነው ልጅ እንቅልፍ ያልጠገበ ልጅ ነበር። ስሙ እንዳይነሣ ተስማምተን ታሪኩን የማካፍላችሁ፣ እኛ የተሳሳትነውን በሌላ ልጅ ላይ እንዳንደግመው ነው።

ያሳሳተን ነገር እንቅልፍ ያጣ ልጅ ሁልጊዜ የሚያንጎላጅ መስሎን መቆየታችን ነው። ትልቅ ሰው ሲደክመው ይፈዛል፤ ብዙ ልጆች ግን በተቃራኒው ይቅበጠበጣሉ፣ በትንሹ ይነጫነጫሉ፣ የተነገራቸውን ቶሎ ይረሳሉ። በዚህም የተነሣ ችግሩ ከባሕርይ ጉድለት ወይም ከትኩረት ማነስ ጋር በቀላሉ ይምታታል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልገው የሕክምና ባለሙያዎች ይመክራሉ። ይሁንና ሰዓቱ መሙላቱ ብቻ በቂ አይደለም፤ በማንኮራፋትና በትንፋሽ መቆራረጥ የሚበጣጠስ እንቅልፍ አሥር ሰዓት ቢረዝምም ልጁን አያሳርፈውም። ስለዚህ ልጃችሁ ጉንፋን ሳይዘው አዘውትሮ የሚያንኮራፋ፣ በአፉ የሚተነፍስ፣ በላብ ተጠምቆ የሚያድር ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ከጀመረ በኋላ እንደገና አልጋ ላይ መሽናት የጀመረ ከሆነ፣ «ሲያድግ ይተወዋል» ሳትሉ ለሐኪም እንድታሳዩት አደራ እላለሁ። አልጋ ላይ የሸና ልጅ ግን ፈጽሞ መቀጣትም ሆነ በእኅት ወንድሞቹ ፊት ማፈር የለበትም።

ቅዠትና የሌሊት ድንጋጤ የተለያዩ መሆናቸውንም ማወቅ ይጠቅማል። ቅዠት ብዙውን ጊዜ ሊነጋጋ ሲል ይመጣል፤ ልጁ ነቅቶ ያየውን ይናገራል፣ ማጽናኛም ይፈልጋል። የሌሊት ድንጋጤ ግን እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት የሚከሰት ሲሆን፣ ልጁ ዓይኑን አፍጥጦ ቢጮህም እናቱን አይለያትም፣ ጠዋትም አንዳች አያስታውስም። በዚህ ጊዜ እየነቀነቁ ለመቀስቀስ መሞከር ያባብሰዋል እንጂ አይረዳም፤ እንዳይጎዳ አጠገቡ ሆኖ እስኪረጋጋ መጠበቅ ይሻላል። በእንቅልፍ ልቡ የሚሄድ ልጅም በእርጋታ ተመርቶ ወደ አልጋው ይመለስ፤ በርና መስኮትም ይቆለፍ። የሌሊት ድንጋጤም ሆነ በእንቅልፍ ልብ መሄድ በአብዛኛው ከዕድሜ ጋር ይጠፋሉ፤ ከተደጋገሙ ግን ባለሙያ ይያቸው።

ማታ ማታ «እግሬን ይወረኛል» እያለ የሚገላበጥ ልጅ ደግሞ ሰበብ እየፈለገ ላይሆን ይችላል፤ ይህ ስሜት አንዳንድ ጊዜ ከሰውነት የብረት ማዕድን እጥረት ጋር ስለሚያያዝ በደም ምርመራ መታየት ይችላል። በቂ ተኝቶ እያደረ በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ ድንገት የሚጥለው፣ ወይም ሲስቅ ጉልበቱ የሚከዳው ልጅም ሳይዘገይ መመርመር አለበት።

የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች ልጆቻችሁ አምሽተው ጠዋት አልነሣም ሲሉ በስንፍና ብቻ አትፍረዱባቸው፤ በጉርምስና ወቅት የሰውነት ሰዓት በተፈጥሮው ዘግይቶ ወደ መተኛትና ዘግይቶ ወደ መነሣት ይገፋል። የስልክና የታብሌት ብርሃን፣ ከሰዓት በኋላ የሚጠጣ ቡና፣ ሻይና ለስላሳ ግን ይህን የባሰ ያደርገዋል። ስለዚህ ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር፤ የመኝታና የመነሻ ሰዓትም በዕረፍት ቀናት ብዙ አይለወጥ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ መድኃኒት ለልጅ አትስጡ።

በእኛ በኩል፣ ከእንግዲህ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ተማሪ ከመቀጣቱ በፊት ስለ አዳሩ እንዲጠየቅና ወላጅ እንዲያውቀው ከመምህራን ጋር ተስማምተናል። እናንተም የምትጠራጠሩት ነገር ካለ፣ ልጃችሁ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ስንት ጊዜ እንደባነነ፣ ማንኮራፋቱንና ጠዋት የተነሣበትን ሁኔታ ለሁለት ሳምንት በወረቀት መዝግባችሁ ለሐኪሙ አሳዩ፤ ቅጂውን ለክፍሉ ኃላፊ መምህር ብትሰጡን በቀን የምናየውን ጨምረንበት እንመልስላችኋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር