ከቤርድ 18 ዓመት ቀድሞ የተጻፈ ደብዳቤ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው እሁድ «የቴሌቪዥን አባት» ብላችሁ ስለ ስኮትላንዳዊው ጆን ሎጊ ቤርድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቤርድ ጃንዋሪ 26 ቀን 1926 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ለንደን፣ ሶሆ ውስጥ ጣሪያ ሥር ባለች ክፍል የሮያል ኢንስቲትዩሽን አባላትን ሰብስቦ የሰው ፊት በማሽኑ ማሳየቱ እውነት ነው፤ አተራረኩም ጥሩ ነው። ቅሬታዬ ከፎቶው ሥር ካለችው አንዲት መስመር ጋር ነው። «ዛሬ በየቤታችን ያለው ቴሌቪዥን የተወለደው ከዚህ ማሽን ነው» ትላለች። አልተወለደም።

ይህን በድፍረት የምለው 26 ዓመት ቴሌቪዥን ስጠግን ስለኖርኩ ነው። የቤርድ ማሽን ዋና አካሉ ዙሪያውን የተበሳ፣ በሞተር የሚሽከረከር ክብ ሳህን ነው። ሳህኑ ሲዞር እያንዳንዱ ቀዳዳ የምስሉን አንድ መስመር ይቃኛል፤ ምስሉ በጠቅላላው 30 መስመር ነበር። በእጄ ባለፉት ቴሌቪዥኖች ውስጥ ግን የሚሽከረከር ሳህን አንድም ቀን አላየሁም። ሆድ ያለውን የድሮውን ቴሌቪዥን ጀርባውን ስትከፍቱት የምታገኙት የመስታወት ቱቦ ነው፤ ከኋላው የሚተኮስ የኤሌክትሮን ጨረር የፊቱን መስታወት እየመታ ምስሉን ያበራል። በቱቦው አንገት ላይ እኛ ዮክ የምንለው የመዳብ ሽቦ ጥቅልል ተጠምጥሟል። ጥቅልሎቹ ሁለት ጥንድ ሲሆኑ እርስ በርስ ተሻግረው ነው የተቀመጡት። አንደኛው ጨረሩን በሰከንድ 15,625 ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ይስባል፣ ሌላው በሰከንድ 50 ጊዜ ከላይ ወደ ታች። ከሁለቱ አንዱ ሥራ ሲያቆም ምን እንደሚሆን ያላየ ያለ አይመስለኝም።

አንድ ቀን አንዲት እናት ቴሌቪዥናቸውን በታክሲ ጭነው መጡና «ልጄ፣ ዜና አንባቢው ክር ሆነብኝ» አሉኝ። ሰካሁት። እውነታቸውን ነው፤ መስኮቱ ጨለማ ሆኖ መሐሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንዲት ደማቅ ነጭ መስመር ብቻ። ድምፁ ደህና ነው፣ ሰውየው ዜናውን ያነባል። እኛ «ቨርቲካሉ ሄዷል» እንላለን። መስመሯ መስታወቱን እንዳታቃጥለው መጀመሪያ ብርሃኑን ቀነስኩ፤ ከዚያ ቦርዱን ገልብጬ ሳይ አንድ ብየዳ ዙሪያውን ተሰንጥቋል። ካዊያውን አሙቄ በቆርቆሮ ነካ ሳደርገው ክሩ ተዘረጋና ሰውየው ከነክራቫቱ ተመልሶ መጣ።

ታዲያ ጨረርን በሁለት ተሻጋሪ ማግኔት ጎትቶ ምስል የመሳል ሐሳብ በላኪውም በተቀባዩም በኩል ተሟልቶ በጽሑፍ የወጣው በ1908 ነው፤ ቤርድ ያኔ ገና ተማሪ ነበር። የወጣውም (ደስ የሚለኝ ይህ ነው) ለአዘጋጅ በተጻፈ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው አለን አርቺባልድ ካምቤል ስዊንተን ይባላል፤ ኤዲንብራ ተወልዶ ለንደን ውስጥ በአማካሪነት የሚሠራ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር። ሼልፎርድ ቢድዌል የተባለ ሌላ ሳይንቲስት «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ ከሩቅ ለማየት በሰከንድ 160,000 እንቅስቃሴዎችን በሁለቱም ጫፍ እኩል ማስኬድ እንደሚያስፈልግና ይህም የማይሞከር መሆኑን ጽፎ ነበር። ስዊንተን ሁለት ሳምንት ሳይሞላው መልስ ላከ፤ ጁን 18 ታተመ። በተራ ማሽን አይሞከርም፣ ልክ ነህ፣ ግን አንድ የካቶድ ጨረር (ያው የቱቦው የኤሌክትሮን ጨረር ነው) በላኪው፣ ሌላ በተቀባዩ በኩል ይሁን፤ ሁለቱንም ድግግሞሻቸው እጅግ የተራራቀ ሁለት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በሚነዳቸው፣ እርስ በርስ በተሻገሩ ማግኔቶች እናንቀሳቅሳቸው፤ ዓይን ምስልን ይዞ በሚቆይባት በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ውስጥ መላውን ገጽ ይጠርጉታል፣ ነው የሚለው ባጭሩ። እሱ «ድግግሞሻቸው እጅግ የተራራቀ» ያለውን እኔ 50 እና 15,625 ብዬ ነው የማውቀው።

ጭንቁ በላኪው በኩል መሆኑንም ያኔውኑ ተናግሯል። ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ በበቂ ፍጥነት የሚለውጥ ነገር እስካሁን ላይኖር ይችላል፤ ከተገኘ ግን ነገሩ ይቻላል ብሎ ነበር። በ1911 በለንደን የሮንትገን ማኅበር (የኤክስሬይ አጥኚዎች ማኅበር) ፕሬዚዳንት ሆኖ ባደረገው ንግግር ሐሳቡን በሥዕል አስደግፎ አብራራው። በላኪው ቱቦ ውስጥ ሩቢዲየም በተባለ፣ ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮን በሚለቅ ብረት ጥቃቅን ኩቦች የተነጠፈ ገጽ አለ፤ ምስሉ እዚያ ላይ ያርፋል፣ ጨረሩ ከኋላ እየጠረገ ያነበዋል። መሣሪያው እንዳልተሠራ፣ ሐሳብ ብቻ እንደሆነ ራሱ ነው የተናገረው። ሞክሮ እንዳልተሳካለትም በ1926 በዚያው በ«ኔቸር» መጽሔት ሌላ ደብዳቤ ጽፏል። በ1928 ደግሞ ለታይምስ ጋዜጣ ጽፎ የሚሽከረከር ነገር የትም እንደማያደርስ አስጠነቀቀ። የሬዲዮውን ሰው፣ ወጣቱን ማርኮኒን በ1896 ከብሪታንያ ፖስታ ቤት ዋና መሐንዲስ ጋር ያስተዋወቀውም እሱ ነው፤ በምን? በደብዳቤ! ይህ አመል እኔም አለብኝ፣ ቤተሰቤ ይመስክር።

ስዊንተን በ1930 ሞተ። ከስድስት ዓመት በኋላ ቢቢሲ ለንደን ካለው አሌክሳንድራ ፓላስ ጣቢያው ሁለቱን መንገዶች በየሳምንቱ እያፈራረቀ አስተላለፈ፤ የቤርድ 240 መስመር፣ የማርኮኒ-ኢ.ኤም.አይ ኩባንያ 405። የኋለኛውን የሠሩት በአይዛክ ሾንበርግ የሚመሩ መሐንዲሶች ናቸው፤ ካሜራቸው በጨረር የሚነበብ የብርሃን ገጽ ነበረው። ሦስት ወር አካባቢ ቆይቶ፣ በ1937 መጀመሪያ የቤርድ ቀረ።

ስዊንተንን «አባት» በሉት እያልኩ አይደለም። ሩሲያዊው ቦሪስ ሮዚንግ በተቀባዩ በኩል ቱቦ መጠቀምን ከእሱ አንድ ዓመት ቀድሞ አስቧል፤ ላኪውን ግን በሚዞሩ መስታወቶች ነበር ያደረገው። የሮዚንግ ተማሪ የነበረው ዝዎሪኪንና ፋርንስዎርዝ አሜሪካ ውስጥ በየፊናቸው ቱቦውን ሠርተው አሳይተዋል፤ የሠራ ካሰበ ይበልጣል ለሚል ክርክር የለኝም። የቤርድንም ድካም አልንቅም፤ ሕዝቡ ከሩቅ ማየት እንደሚቻል በዓይኑ አይቶ እንዲያምን ያደረገ እሱ ነው። ግን የሳህኑ መንገድ እዚያው ቆሟል። እናቲቱ በታክሲ ጭነው ያመጡት ቴሌቪዥን የመጣው በሌላኛው መንገድ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም ከፎቶው ሥር ያለችውን መስመር ብቻ ብታርሙልኝ ይበቃኛል። ቦታ ከተረፋችሁ የስዊንተንን የ1911 ሥዕል አውጡት፤ ዮክ ፈትቶ የሚያውቅ ጠጋኝ ሁሉ ወዲያው ይለየዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ ቴሌቪዥን ጠጋኝ፣ ከአዲስ አበባ