ካርዱ ላይ «ራስ ምታት» ይላል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በጦርነቱ ስለተደፈሩ ሴቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጽሑፉ ደህና ነው። ፎቶው ግን አናደደኝ። ፊቷን ሸፍናችኋል። የቀሚሷን ጥልፍና የተቀመጠችበትን በረንዳ ግን የሰፈሯ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከሥሩ ደግሞ ዕድሜዋና ቀበሌዋ ተጽፏል። የቀረው ስሟ ብቻ ነው፤ ጎረቤት ደግሞ ስም ምን ያደርግለታል?

እኔ የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ፤ ጡረታ የወጣሁ አዋላጅ ነርስ። መንገድ በተዘጋበት ሰሞን እህቴን ላሳክም አንድ ጤና ተቋም ካርድ ክፍል ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ አንዲት ልጅ ቆማለች። ከጣና ማዶ በጀልባ ነው የመጣችው፤ የነጠላዋ ጫፍ ገና አልደረቀም። መስኮቱ ውስጥ ያለው ልጅ ቀና እንኳ ሳይል «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» አላት፣ ጮክ ብሎ። ዝም አለች።

«እህት፣ ሰው ቆሟል እኮ!»

ዞር ብላ ሰልፉን አየችው። «ራሴን» አለች።

አካሄዷን ሳይ ግን ራሷን እንዳልሆነ ገባኝ። በኋላ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር፣ የራስ ምታት ክኒኗን ጨብጣ ተቀምጣ አገኘኋት። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ብዙ አልጠየቅኳት። «ስንት ቀን ሆነሽ?» ብቻ ነው ያልኳት። «ዛሬ አራተኛዬ።»

የኤችአይቪ መከላከያ ክኒኑ ከተደፈሩ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ነው የሚዋጠው። እሱ አመለጣት። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያው ግን እስከ አምስት ቀን ስለሚሠራ፣ እጇን ይዤ አንዲት የድሮ ባልደረባዬ ጋ በጓሮ በር አስገባኋት። ሦስቱን ቀን የበላው መንገዱ ነው። የቀረችውን መስኮቱ ሊበላት ነበር።

«ሴቶቹ አይናገሩም» ይባላል። ለማን ይናገሩ? ለሰልፉ?

ደግሞ «መጀመሪያ የፖሊስ ወረቀት አምጪ» የሚል አለ። የደፈራት ሰው መሣሪያ ይዞ መንደሯ ውስጥ እየተንጎማለለ ከማን ታምጣ? (የየትኛው ወገን ታጣቂ ነው አትበሉኝ፤ እሷንም አልጠየቅኳትም።) መድኃኒቱ ወረቀት አይጠብቅም። ተደፍራ ላረገዘች ሴት እንኳ ጽንሱን ለማቋረጥ ቃሏ ብቻ በቂ ማስረጃ ነው፤ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 552 እንዲያ ይላል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ብዙ ነው፤ እኔም ዘግይቼ ነው ያወቅኩት።

ኮንጎ ውስጥ ቡካቩ ላይ ዶክተር ዴኒስ ሙክዌጌ የመሠረቱት ፓንዚ ሆስፒታል አለ። ሰውየው በ2018 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኙት ናቸው። እዚያ ሕክምናው፣ ምክሩ፣ የሕግ እርዳታው፣ የመቋቋሚያ ድጋፉ አንድ ላይ ነው። እኛ ያን ያህል አቅም የለን ይሆናል። ለአንድ መጋረጃና ለሁለት ወንበር ግን አናንስም። «ነርስ ማናገር እፈልጋለሁ» ያለች ሴት ሌላ ሳትጠየቅ ወደዚያ ብትወሰድ ምን ይጎድላል? 72 ሰዓቱ ያለፈባትም ትምጣ፤ ቁስሉም፣ የአባላዘር በሽታውም፣ እንቅልፍ ማጣቱም ሕክምና አለው።

ለእናንተ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ያቺ ፎቶ ድረ ገጻችሁ ላይ ካለች አጥፏት፤ በሚቀጥለው እትም ደግሞ በቦታዋ «በ72 ሰዓት ውስጥ ይምጡ፣ ካለፈም ይምጡ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉልን። ጀልባ መሳፈሪያው ላይ ቆርጬ እለጥፈዋለሁ።

አንዲት ጡረተኛ አዋላጅ
ከባሕር ዳር